ሞጆ ገብቷል

እናቴ ቤት ውስጥ ውሸት አትወድም። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ «ሠርቻለሁ» ካልኩ ጆሮዬ አይተርፍም ነበር። የጭነት መኪኖቿን በሚመለከት ግን ሌላ ሰው ናት። ደንበኛ ደውሎ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ሲላት፣ መኪናው ሚሌ ላይ ተሰልፎ ይሁን፣ አዋሽ ላይ ጎማ እየቀየረ ይሁን፣ መልሷ አንድ ነው። «ሞጆ ገብቷል!» ትላለች፣ መኪናውን በዓይኗ እያየች የምትናገር እስኪመስል ድረስ። ከጅቡቲ የተነሳ መኪና ሞጆ ገባ ማለት አዲስ አበባ ደጃፍ ደረሰ ማለት ስለሆነ ደንበኛው አመስግኖ ስልኩን ይዘጋል።

«እማዬ፣ ለምን ትዋሺዋለሽ?» ስላት ትቆጣለች።

«ውሸት አይደለም፣ ማረጋጊያ ነው። ገና አዋሽ ነው ብዬው እንቅልፍ ቢያጣ መኪናው ይፈጥንለታል?»

እውነቱን ለመናገር እሷን ብቻ መኮነን አይቻልም። ከተማችን እንዳለ እንዲህ ነው። ካልሲውን እየፈለገ «መንገድ ላይ ነኝ» የማይል ማን አለ? እኔም እላለሁ። የእናቴ ሞጆ ግን ታሪክ አላት። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ መንገድ ዳር ካገኘው ስልክ ይደውልና «ሞጆ ገብቻለሁ!» ይላታል። አልገባም። ሰዓቱን እሷም ታውቀዋለች፣ ቢፈጥን ቢፈጥን መተሃራ ነው። ቢሆንም ስልኩን ታስቀምጥና ድስቱን ትጥዳለች። አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናውን እሷ ተረከበች፣ ዓመታት ቆይታም ሌሎች ሦስት ጨመረችበት። ሞጆንም አብራ ወረሰች።

ሥራዋን የምትሠራው ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ካፌ ቁጭ ብላ ነበር። ቢሮ የሚባል ነገር ነበረን፤ ግን ቢሮው ውስጥ ያለው ማህተሙ ብቻ ነው፣ ሥራው ያለው ካፌው ነው። የጭነት ደላሎች ከረፋድ ጀምረው እዚያ ይሰበሰባሉ። እናቴ ጥግ ላይ ባለው ወንበሯ ማኪያቶዋን ይዛ ትቀመጣለች። ጭነት ያለው ሰው ይመጣል፣ ደላላው ያገናኛል፣ ከዚያ እሷ ሰውየውን ማጥናት ትጀምራለች። የማን ልጅ ነው? የት አደገ? ማንን ያውቃል? መጨረሻ ላይ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ሰው ይገኛል፤ ካልተገኘ ጭነቱም ይቀራል። ካፌውን ከሞሉት ወንዶች መሃል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፣ ሁሉም ደግሞ ይፈሯታል። እኔ በዚህ እኮራ ነበር፣ አሁንም እኮራለሁ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ካፌው ከነጥግ ወንበሩ ሄደ፣ ደላሎቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኛ ቡልጋሪያ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለ ክፍል ተከራየን። ከታች ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይመታል፣ ከላይ የእናቴ ስልክ ጭጭ ብሏል። ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት አልፎ አልፎ ይገኝ ነበር። መኪኖቹ ግን ወደ ጅቡቲ ባዷቸውን ይወርዳሉ፣ ካልሆነም ቃሊቲ ግቢ ውስጥ ቆመው አቧራ ይለብሳሉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ለባብሳ ትመጣና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ታፈጥበታለች። ይህን ማየት ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን «አንዱን መሸጥ አለብን» አለችኝ።

የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሮጌው የአባቴ መኪና ነው።

«አይሸጥም!» አልኳት። ጮኼ ስለነበር ከታች መዶሻው ቀጥ አለ።

«አንቺ ልትቀልቢው ነው?»

«እስከ ፋሲካ ስጪኝ። እስከ ፋሲካ ቋሚ ሥራ ካላገኘሁለት ሽጪው፣ ትንፍሽ አልልም።»

ትንፍሽ አልልም ማለቴን አላመነችኝም። ጊዜውን ግን ሰጠችኝ።

ይህን ያልኩት ዝም ብዬ ተናድጄ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የካዛንቺስ ደላሎች የት እንደገቡ ደርሼበት ነበር። ስልክ ውስጥ ገብተዋል! ግሩፕ በግሩፕ ላይ፣ አንዱን ስከፍት ሌላው ይመጣል። «ከቃሊቲ ወደ ድሬዳዋ ጭነት አለ»፣ «ባዶ ተሳቢ ያለው በውስጥ መስመር»፣ «ብረት፣ አስቸኳይ፣ ዛሬ የሚነሳ»። እኛ በባዶ ክፍል ስልክ እስኪጠራ ስንጠብቅ ያ ሁሉ ጭነት በጣታችን ሥር ሲያልፍ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ልቤ በደስታ መዝለል ጀመረ። መኪኖቹን አሳጥቤ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ለድርጅቱ ገጽ ከፈትኩ፣ ባገኘሁት ግሩፕ ሁሉ ገባሁ፣ በአራቱም መኪኖች ላይ ጂፒኤስ አስገጠምኩ።

ሹፌሮቹ አበዱ። ከሁሉም የባሰው የአባቴን መኪና የሚነዳው አንጋፋው ሹፌር ነበር። እሱ ድሮ የአባቴ ረዳት ስለነበረ እኔን የመቆጣት መብት አለው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰላይ ነው የገጠምሽብኝ!» አለኝ። «ማለቴ፣ ምሳ የበላሁበትን ሁሉ ቁጭ ብለሽ ልታዪ ነው?»

«ምሳ ብቻ ከሆነ ምን አስፈራህ?» አለችው እናቴ።

«እትዬ፣ እርስዎም?» ብሎ ሳቀና ወጣ። መሣሪያውንም አልነቀለውም።

በዚያን ጊዜ የምቀናው ጎረቤታችን በነበረ ሌላ የትራንስፖርት ድርጅት ነበር። ድረ ገጽ አለው። ሲከፈት ሙዚቃ አለው፣ አዳዲስ መኪኖች ጀንበር ስትጠልቅ በባሕር ዳርቻ ያልፋሉ፣ ሹፌሩ ነጭ ጓንት አድርጓል። የእኛ ሹፌር ነጭ ጓንት ሲያደርግ ማሰብ ራሱ ያስቃል። አንድ ቀን ደንበኛ መስዬ በዚያ ድረ ገጽ ላይ «ዋጋ ንገሩኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም! ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ድርጅቱን የሚያሠራው ማማሩ ሳይሆን ቶሎ መመለሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮ አፌ ውስጥ እያለም እመልስ ነበር። ታክሲ ውስጥ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ በሌላው እጽፋለሁ። «አለን። የት ነው የሚጫነው?»

የመጀመሪያው ጭነት የመጣው ከአዳማ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚላክ ቦሎቄ ያለው ነጋዴ፣ መኪናችን ባዶውን ሊወርድ በተነሳበት ማለዳ መልእክቴን አይቶ ጻፈልኝ። አዳማ ደግሞ መንገዳችን ላይ ናት! ወንበሬን ገፍትሬ ተነሳሁና «እማዬ! ጭነት!» ብዬ ጮህኩ።

«ማን ነው?» አለች።

«ቦሎቄ ነጋዴ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ማን ነው?»

ፊቱን ሳላይ ቃል አልሰጥም አለች። በቪዲዮ አገናኘኋቸው። ሰውየው ዋጋ ሊነጋገር ተዘጋጅቶ ሳለ እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። መጋዘኑን አዙሮ እንዲያሳያት አደረገች፣ ጆንያዎቹን አየች፣ አጎቱን ጠየቀች። እኔ በኀፍረት ጣራ ጣራውን አያለሁ። በመጨረሻ የሰውየው አጎት የአባቴ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ተገኘና እናቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ። «ጫኝለት» አለችኝ። ካዛንቺስ ያለው ወንበሯ ላይ ተመልሳ የተቀመጠች ነው የመሰለኝ፣ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀለለ ሄደ። መኪኖቹ ባዷቸውን መውረድ እያቆሙ መጡ። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ገና መንገድ ላይ ሳለ ቀጣዩን ጭነት እፈልግለታለሁ፣ ሲደርስ አራግፎ ሌላ ይጭናል። መኪኖቻችን አልፈጠኑም፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። የቀነሰው መቆሙ ነው፣ ገቢያችንን ሲበላ የኖረውም መቆሙ ነበር። እናቴ ራሷ ጠዋት ስትገባ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ማን ጻፈ?» ማለት ጀመረች።

የአባቴ መኪና ግን ቋሚ ሥራ አላገኘም። ፎቶውን ያየ ሁሉ «አሮጌ ነው» ብሎ ያልፋል። ፋሲካ እየቀረበ ነው፣ አንድ ገዢም ግቢ ድረስ መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሄዷል።

እንዲህ እያለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በገጻችን ጻፈልን። ፋብሪካው ቃሊቲ ነው፣ ቢሮው ሜክሲኮ፤ እዚያ ሄድኩ። የግዥ ኃላፊው ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት አለው። የተቀመጥኩበትን ወንበር ሳላሞቅ ብሶቱን ጀመረልኝ።

«የእኔ እህት፣ ስንት ትራንስፖርት ቀየርኩ መሰለሽ! ጥሬ ዕቃው የት ደረሰ ስላቸው ሁሉም ሞጆ ገብቷል ይሉኛል። በቃ፣ ሁልጊዜ ሞጆ! ሞጆ እንዲህ ሰፊ ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ፣ በሳል አስመሰልኩት። እሱ ቀጠለ።

«እኔ ፈጣን መኪና አልፈልግም። የዘገየ እንደሆነም ዘግይቷል በሉኝ። ማሽኑን ላቁም ወይ ላስነሳ፣ አውራጆቹን ልጥራ ወይ ልተው፣ እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ሊንክ እልክልሃለሁ» አልኩት። «መኪናው ከጅቡቲ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ ስልክህ ላይ ታየዋለህ። ግን መኪናው አሮጌ ነው።»

«የት እንዳለ የማውቀው አሮጌ ይሻለኛል» አለ። አንድ ጊዜ እንሞክራችሁ፣ ከሆነ የዓመት ውል እንፈርማለን ተባባልን።

ከሜክሲኮ እስከ ቡልጋሪያ እግሬ መሬት አልነካም። ቢሮ ስገባ እናቴ በመስኮት ተንጠልጥላ ከጋራዡ መካኒክ ጋር በፍሬን ሸራ ትከራከራለች። ሁሉንም ነገርኳት። የዓመት ውል፣ የአባዬ መኪና፣ ሊንክ። «እሺ፣ እሺ፣ ሊንክ» አለችኝ፣ ፊቷ ወደ መካኒኩ ነው። የገባት መሰለኝ።

መኪናው ጅቡቲ ላይ ጭኖ ተነሳ። ካርታው ላይ መኪናውን የምታሳየውን ሰማያዊ ነጥብ ከዚያ በፊትም አይቻታለሁ፣ የአባቴ መኪና ስትሆን ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ሲሄድ የት እንዳለ በሐሳቤ እሥል ነበር። አሁን ጋላፊን ስታልፍ፣ ሚሌ ላይ ቆማ ስትነሳ፣ አዋሽን ስትሻገር ቁጭ ብዬ አያታለሁ! እናቴን ጠርቼ ላሳያት እፈልጋለሁ፣ እሷ ግን ከሌላ ደንበኛ ጋር ስልክ ላይ ናት።

መተሃራ ላይ ነጥቧ ቆመች። ጠበቅሁ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ለሹፌሩ ደወልኩ።

«ጎማ ፈነዳ» አለኝ። «ትርፍ ጎማውም አይረባም። ከአዋሽ ሌላ አስልኬያለሁ፣ ዛሬ ግን አዲስ አበባ አልገባም። ማታ አዳማ ደርሼ አድራለሁ።»

ለኃላፊው ልጽፍለት ስልኬን እንዳነሳሁ የእናቴ ስልክ ጠራ። እናቴ ስልክ ጆሮዋ ላይ አትለጥፍም፣ ድምፁን ከፍታ ከፊቷ ነው የምትይዘው። ስለዚህ ሁሉም ይሰማኛል።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ከፋብሪካው ነው። መኪናችን እንዴት ሆነ ብዬ ነው።»

እጄን አወዛወዝኩላት። አላየችኝም።

«ሞጆ ገብቷል!» አለች።

ክው አልኩ።

«እማማ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ፣ «እኔ ጋ መተሃራ ላይ ቆሟል ይላል።»

«የት ነው የሚልህ?»

«ስልኬ ላይ። ልጅዎ በላከችልኝ ሊንክ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። የአባቴ መኪና በዓይኔ ላይ ሄደ፤ ጎማውን በእግሩ የመታው ሰውዬ መሪውን ይዞ ከግቢ ሲወጣ ታየኝ። ኔትወርክ ነው ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። በእኛ አገር ኔትወርክ ያልተሸከመው ጥፋት የለምና! እናቴም አፏን ከፈተች። ነገር ግን ዓይኗ እኔ ፊት ያለው ስክሪን ላይ፣ መተሃራ ላይ የቆመችው ነጥብ ላይ አረፈ።

«እውነትህን ነው ልጄ» አለችው። «መተሃራ ነው። ሞጆ ያልኩህ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ይቅር በለኝ።» እኔን አየችኝ፣ ጎማ ፈነዳ አልኳት በሹክሹክታ። «ጎማ ፈንድቶበት ነው። ዛሬ አይገባልህም። አዳማ ያድርና ነገ ረፋድ ላይ በርህ ላይ ታገኘዋለህ።»

«ነገ ረፋድ?»

«ነገ ረፋድ። ደግሞ አንተም ታየው የለ!»

«እንግዲያው አውራጆቹን አሁን ልሸኛቸው። ሌላ ጊዜ እስኪመሽ አስቀምጫቸው ነው የሚሄዱት» አለና ዘጋው። ስለ ውሉ ቃል አልተነፈሰም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጮኸችብኝ።

«ነግሬሻለሁ!»

«ሊንክ አልሽኝ እንጂ ሰውየው ያያል አላልሽኝም!»

ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ወዲህ አዙሪው» አለችኝ። ነጥቧ ስትነሳ ሁለታችንም እኩል «ተነሳ!» አልን። እናቴ እጄን ያዘች፣ አዳማ እስኪገባም አልለቀቀችኝም።

በማግስቱ እኔ ስገባ እሷ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ለሰውየው ራሷ ትደውላለች። «ከአዳማ ተነስቷል፣ ክፈትና እየው» ትለዋለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አሁን ዳገቱን እየወጣ ነው፣ ስለዚህ አትደንግጥ፣ ቀስ ይላል»። ሰውየው ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ እንጃ። እኔ ልስቅም ላለቅስም ዳድቶኝ አያታለሁ። ነጥቧ ወደ ሞጆ ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ ገባች። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ሞጆ ገብቷል!»

በሕይወቴ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። መካኒኮቹ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ደረጃውን እየዘለሉ መጡ። እኔና እሷ ተቃቅፈን ስንዘል አገኙን። ምን ሆናችሁ ቢሉን ምን ብለን እናስረዳቸው? ሞጆ ገባ አልናቸው። ተያይተው ወረዱ።

መኪናው ረፋድ ላይ ቃሊቲ ደረሰ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ሰውየው አይደውልም፣ ገዢው ግን ይደውላል። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ኃላፊው «ማህተም ይዘሽ ነይ» ብሎ ጻፈልኝ። በሩጫ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ውሉ ተዘጋጅቷል።

«እማማ ደህና ናቸው?» አለኝ እየፈረመ። «እውነቱን ሲነግሩኝ እኮ ነው የወሰንኩት። አለቆቼን ለማሳመን ነው የቆየሁት።»

ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፉ ዙሪያውን ይዞታል። ውሉን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። በስልክ ልነግራት አልፈለግሁም፤ ላንቻ ቤታችን ገብቼ ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት። ስልኬ ጠራ።

«የት ደረስሽ?»

«ቡልጋሪያን አልፌያለሁ፣ ጎተራ ልገባ ነው!»

«ሜክሲኮ ነሽ» አለችኝ።

ረስቼዋለሁ። ያን የመተሃራ ቀን «የአንቺንም ካላየሁ» ብላ ሎኬሽኔን አስከፍታኝ ነበር። የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ፈረመ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ! ባይፈርም ኖሮ ሜክሲኮ ነኝ ትይኝ ነበር።» ከጀርባዋ የድስት ክዳን ሲነካካ ይሰማኛል። «አባትሽም እንደዚሁ ነበር። ነገር ተበላሽቶበት ሲመጣ ያለበትን ቦታ ልክ ልኩን ይነግረኛል። ገና አዋሽ ነኝ፣ አትጠብቂኝ ይለኛል። ሞጆ ገብቻለሁ የሚለኝ ደስ ብሎት ቤቱ የናፈቀው ቀን ነው።»

ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያሉት «እህት፣ ተንቀሳቀሺ እንጂ!» ይሉኛል።

«አይሸጥማ?» አለችኝ እናቴ።

«አይሸጥም።»

«በይ ነይ» አለች፣ «ድስቱን ጥጃለሁ።»